ንብ የመሰለው ዝንብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም እንድጽፍ ተራው ሲደርሰኝ ስለ ጾም ወይም ስለ ጸሎት ልጻፍ ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣብኝ አንድ ትንሽ በራሪ ፍጡር ሆነ። ስለዚህ ስለ እርሱ እጽፋለሁ። ስለ እርሱ ስጽፍም ስለ ራሴ መጻፌ አይቀርምና፥ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አያቴን ለመጠየቅ ወደ ገጠር ሄጄ ነበር። አያቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ንብ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጓሮአቸው በእበት የተለሰኑ ስምንት ቀፎዎች ተደርድረዋል። ወቅቱ አደይ አበባ ሜዳውን ያለበሰበት፥ ንቡም ከማለዳ እስከ ማታ የሚመላለስበት ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝና ንብ እፈራለሁ። ከአበባው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ቡናማና ቢጫ መልክ ያለው አንድ ነገር ጥዝ እያለ መጥቶ እጄ ላይ ሊያርፍ ሲል ጮኼ ወደ ኋላ ሸሸሁ። አያቴ ሳቁብኝ። ያ የሸሸሁት ነገር አበባው ላይ ባረፈ ጊዜ ቀስ ብለው ቀረቡና በባዶ መዳፋቸው ከደኑት።

«አባባ፥ ይነድፍዎታል!» አልሁ።

«ምኑ ይነድፈኛል፥ ልጄ? ይኼ እኮ ዝንብ ነው» አሉኝ። «የንቡን ልብስ ለብሷል እንጂ መርፌ የለውም። ማርም የለውም። ልብሱን ያየ ሁሉ ይሸሸዋል፤ ቀፎውን የሚያውቅ ሰው ግን አይታለልም።»

ከዚያም መዳፋቸውን ከፈቱና ለቀቁት። እርሱም አንድ ጊዜ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ አበባው ተመለሰ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንዳልወሰደኝ ከጥቂት በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሀ. ዝንቡን ከንብ የሚለየው ምንድን ነው?

በቋንቋችን «ዝንብ» የሚለውን ቃል ጻፉና የመጀመሪያውን ፊደል ሸፍኑት፤ የሚቀረው «ንብ» ነው። በጽሑፍ አንዲት ፊደል ብቻ ትለያቸዋለች። በመስክ ላይም ልዩነታቸው እንደዚያው ትንሽ ይመስላል።

የነፍሳት ሊቃውንት ሲርፊዴ ብለው የሚጠሩት አንድ የዝንብ ወገን አለ። በዓለም ላይ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዓይነቶች እንዳሉት ይነገራል። ከእነርሱ ብዙዎቹ አንዱ ንብን፥ ሌላው ተርብን ይመስላሉ። የማር ንብን በመምሰል ስሙ የታወቀው ኤሪስታሊስ ቴናክስ የሚባለው ነው። ይህ ዝንብ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም ክፍላተ ዓለም ይገኛል። መጠኑ እንደ ንብ፥ ቀለሙ እንደ ንብ፥ ጠጕሩ እንደ ንብ፥ ድምፁም ለንብ የቀረበ ነው። ከአበባ ወደ አበባ ይዞራል፤ ወለላ ይቀስማል፤ የአበባ ብናኝ ይበላል።

ቀርቦ ለመረመረው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ዝንብ ሁለት ብቻ ነው ያለው። በሁለተኛው ጥንድ ክንፍ ቦታ የከበሮ መምቻ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ አካላት አሉት፤ በሚበርርበት ጊዜ ሚዛኑን የሚጠብቀው በእነርሱ ነው። የንብ የራስ ቀንድ ረዘም ብሎ የታጠፈ ነው፤ የዝንቡ ግን አጭር ነው። የዝንቡ ዓይን ትልቅ ሆኖ አብዛኛውን ራሱን ይሸፍናል። ሠራተኛ ንብ በኋላ እግሯ የአበባ ብናኝ የምትሸከምበት እንደ ቅርጫት ያለ ቦታ አላት፤ ዝንቡ ይህ የለውም፤ ወደ ቤት የሚወስደው ነገር የለምና። ቀፎ የለውም፤ እናት ንግሥት የለችውም፤ ለክረምት የሚያስቀምጠው ማር የለውም። መርፌም የለውም።

ለ. ስለ ምን ንብን መሰለ?

ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከ1848 እስከ 1859 እ.ኤ.አ. በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ደን ለ11 ዓመት ኖሮ ነበር። በዚያም ጣዕማቸው መጥፎ ስለሆነ ወፎች የሚጠየፏቸውን ቢራቢሮዎች አየ። ከእነርሱ ጋር ተቀላቅለው የሚበሩ፥ መልካቸው እነርሱን የመሰለ፥ ነገር ግን ወገናቸው ሌላ የሆነ ቢራቢሮዎችንም አገኘ። በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህ የሚበሉ ቢራቢሮዎች የማይበሉትን በመምሰላቸው ከወፍ አፍ እንደሚድኑ ገለጠ። ንብ መሳዩም ዝንብ የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚያ 100 ዓመት ያህል ቆይቶ ሊንከን ብራወርና ጄን ብራወር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ነገሩን በጉርጥ ፈትነውት ውጤቱን በ1962 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ጉርጥ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ሲያይ ምላሱን ወርውሮ ይውጣል። ንብን ቀምሰው የተነደፉት ጉርጦች ከዚያ በኋላ ንቡንም ንብ መሳዩንም ዝንብ ይተዉ ጀመር። ንብን ቀምሰው የማያውቁት ግን ዝንቡን ሲያገኙት ይበሉት ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ጉርጡ ዝንቡን የተወው ዝንቡን ፈርቶ አይደለም፤ አስቀድማ የነደፈችውን ንብ አስታውሶ ነው። የማር ንብ ደግሞ ሰውን ወይም እንስሳን ስትነድፍ መርፌዋ ቆዳው ውስጥ ተተክሎ ስለሚቀር ትሞታለች። እንግዲህ ዝንቡ የሚከበርበት ክብር ሌላው በሕይወቱ የከፈለበት ክብር ነው። ንብ ከአገሩ ብትጠፋ የዝንቡ ልብስ ዋጋ አይኖረውም፤ የሚፈራው አይገኝምና።

አያቴ ቤት በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። በእርግጥ የጉርጡን ነገር ያን ጊዜ አላውቅም፤ ከተመለስሁ በኋላ አንብቤ ያገኘሁት ነው። ነገር ግን «የንቡን ልብስ ለብሷል» የሚለው የአያቴ ቃል በልቤ ውስጥ እንደ መርፌ ተተክሎ ነበር።

ሐ. የእኔ ልብስ

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በየሰንበቱ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከፊተኛው ሰልፍ የምቆም ነኝ። መዝሙር ሲጀመር ድምፄ ቀድሞ ይሰማል። እናቶች ሲያዩኝ «እንዲህ ያለ ልጅ ይባርክልን» ይላሉ። በሰፈር ሳልፍ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው ሰላምታ ይሰጡኛል። ይህ ሁሉ ክብር የመጣልኝ ከራሴ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ግን ነጠላው የተከበረው እኔ ስለ ለበስሁት አይደለም። ከእኔ በፊት ለብሰውት የጾሙ፥ የጸለዩ፥ ስለ እምነታቸው ደማቸውን ያፈሰሱ፥ ያላቸውን ከድሃ ጋር የተካፈሉ አባቶችና እናቶች ስለ ነበሩ ነው። ዋጋውን እነርሱ ከፈሉ፤ ክብሩን እኔ ለበስሁት።

የጉዞ መዋጮ የምሰበስብ እኔ ነበርሁ። ገንዘቡ በእጄ ሲቆይ «ነገ እመልሰዋለሁ» እያልሁ ጥቂት ጥቂት አወጣሁበት። ለታክሲ፥ ለምሳ፥ በኋላም ለአንድ ጫማ። ሒሳብ ሲታሰብ 1,800 ብር ጎደለ። ጎደለ ሲባል እኔ ዝም አልሁ። ማንም እኔን አልጠረጠረም። ማን ይጠረጥረኛል? ልብሴን አይተዋል!

የተጠረጠረው ሌላ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ ወንድም ከእኛ ጋር መማር ከጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጣ ጫማው ሲሚንቶ የነካው ነው፤ ነጠላው አርጅቷል፤ መዝሙሩን ገና አላጠናም። መዋጮው በሚሰበሰብበት ቀን ከእኔ ጋር ወንበር ሲያነሣ ታይቷል። በቃ፥ ወሬው ከዚያ ተነሣ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረውም። ነገር ግን ሲቀመጥ ቦርሳ ይነሣ ጀመር። ይህን እኔ አየሁ፤ አይቼም ዝም አልሁ። በሦስተኛው ሳምንት መምጣቱን ተወ።

ይህን በስም የለሽ ወሬ ሳይሆን በራሴ ቃል የምጽፈው በጉባኤያችን ፊት አስቀድሜ ስለ ተናገርሁት ነው። ዝንቡን ንብ፥ ንቡን ዝንብ ብለን ነበር።

መ. የጥንት ሰዎች ስሕተት

በመልክ መሳሳት የእኛ ብቻ አይደለም። በጥንት ዘመን በግሪክና በሮም አካባቢ ንብ ከሞተ በሬ ሥጋ ትወለዳለች ተብሎ ይታመን ነበር። ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ዘመን ስለ እርሻ በጻፈው ጆርጂክስ በተባለ ድርሰቱ አራተኛ መጽሐፍ፥ በሬ ታርዶ ከበሰበሰ ሥጋው የንብ መንጋ እንደሚገኝ ያስረዳል። ይህ እምነት ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቷል። በ1894 እ.ኤ.አ. ኦስተን ሳከን የተባለ የዝንብ ሊቅ ነገሩን መርምሮ፥ ከበሰበሰው ነገር ሲወጡ የታዩት ንቦች ሳይሆኑ ቅድም የጠቀስሁት ኤሪስታሊስ ቴናክስ የተባለው ዝንብ መሆኑን ጻፈ። ይህ ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው በበሰበሰና በቆሸሸ ውኃ አጠገብ ነውና።

አስቡት፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰዎች መልኩን አይተው «ንብ ነው» አሉ። «ማሩስ የት አለ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

አንዳንዶቻችሁ የሶምሶንን ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ሶምሶን በገደለው አንበሳ በድን ውስጥ ንብ ሰፍሮ እንዳገኘ ተጽፏል። ያም ዝንብ ነበርን? አይደለም። ምክንያቱም ሶምሶን ማር አገኘበት፤ እርሱም በላ፥ ለአባቱና ለእናቱም ሰጣቸው። ዝንብ ማር አይሠራም። እዚያ ቦታ ስለ ንቡ የመሰከረው ማሩ ነው።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ሐሰተኞች ሲያስጠነቅቀን መለያ አድርጎ የሰጠን ልብሳቸውን ወይም ድምፃቸውን አይደለም፤ ፍሬያቸውን ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 11 ንብ ከሚበርሩት ሁሉ ትንሽ ብትሆንም ፍሬዋ ከጣፋጭ ሁሉ በላይ መሆኑን ያስተምረናል። በቤተ ክርስቲያናችን የምናበራው ጧፍ ሰሙ ከማን የመጣ ነው? ከዚያችው ከትንሿ ንብ ነው። ጻድቁ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፥ እናቱም በዚህ ታላቅነቱን እንደ ተረዳች ይተረካል። ሌላ ሰው ቢሆን መንጋውን አይቶ በደነገጠ ነበር፤ እርስዋ ግን ከሚታየው አልፋ አየች።

ንብ መሳዩ ዝንብ ለጧፉ አንዲት ጠብታ ሰም አይሰጥም። የአገራችን ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ ውጭውን፥ ወርቁ ምሥጢሩን ይይዛል። የእኔ ኑሮ ግን ሰምም ወርቅም አልነበረውም፤ የሰም ቀለም ብቻ ነበረው።

ሠ. ዝንቡን አንስደበው

እስከዚህ ድረስ ዝንቡን የግብዞች ምሳሌ አድርጌ ተናገርሁ። ነገር ግን ፍርዴን ሳልጨርስ ለዝንቡ ጠበቃ ልሁንለት፤ እግዚአብሔር የፈጠረው ነውና።

በመጀመሪያ ይህ ዝንብ ሥራ ፈት አይደለም። ወለላ ፍለጋ ሲዞር የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ ያደርሳል፤ በዚህም ዕፀዋት ፍሬ እንዲያፈሩ ያግዛል። ከወገኖቹ ብዙዎቹ ገና ትል ሳሉ ጎመኑንና ባቄላውን የሚያደርቀውን ክሽክሽ እየለቀሙ ይበላሉ፤ ለገበሬው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጠባቂዎች ናቸው። ረጅም መንገድ የሚፈልሱም አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ ላይ በየዓመቱ እስከ 4 ቢሊዮን የሚደርሱ የዚህ ወገን ዝንቦች እንደሚያልፉ ተገምቷል።

ሁለተኛም፥ ዝንቡ አልዋሸም። መልኩን የመረጠው እርሱ አይደለም። በተሰጠው መልክ ከወፍ ያመልጣል፤ በተሰጠው ሥራ ይኖራል። «ንብ ነኝ» ብሎ ለማንም ቃል አልገባም። እኔ ግን ቃል ገብቻለሁ። በአርባ ቀኔ በክርስትና አባቴ አፍ ሰይጣንን ክጃለሁ፤ አገልጋይ ስሆንም በጉባኤ ፊት እጄን አንሥቻለሁ። ስለዚህ ግብዝነት የዝንቡ ሳይሆን የእኔ ኃጢአት ነው። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 10 የሞቱ ዝንቦች የቀማሚውን ሽቱ እንደሚያገሙት፥ ጥቂት ስንፍናም ጥበብንና ክብርን እንደሚያበላሽ ይናገራል። በእኔ ሥራ የገማው የሁላችን ሽቱ ነው።

ረ. ከረግረግ የወጣው

አሁን ከሁሉ ይልቅ ያጽናናኝን ነገር ልንገራችሁ።

የኤሪስታሊስ ቴናክስ ትል የሚኖረው ሌላው ፍጥረት በሚታፈንበት ቦታ ነው፤ በረጋ ኩሬ፥ ከከብት በረት በሚወጣ እዳሪ፥ በቆሻሻ ቦይ ውስጥ። እንደዚያ ባለ ውኃ ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል። ትሉ ግን ከኋላው እንደ አይጥ ጅራት ያለ ረጅም ቧንቧ አለው። ይህን ቧንቧ ከሰውነቱ እጥፍ ድርብ እስኪሆን ወደ ላይ ይዘረጋና ጫፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። ሰውነቱ ከጭቃው ውስጥ ነው፤ እስትንፋሱ ግን ከላይ ነው።

እኔም በዚያ በሦስት ወር ዝምታዬ ውስጥ ጸሎቴን ፈጽሜ አልተውሁም ነበር። ቃሉ በአፌ ብቻ ቢቀርም፥ ማታ ማታ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። ያች አንዲት ጸሎት እንደዚያ ቀጭን ቧንቧ ሆና ነፍሴን ከመታፈን ጠበቀቻት ብዬ አምናለሁ። በኃጢአት ውስጥ ያለህ ወንድሜ፥ በኃጢአት ውስጥ ያለሽ እኅቴ፥ «እኔ በዚህ ቆሻሻ ውስጥ ሆኜ ምን ጸሎት አለኝ?» አትበሉ። ቧንቧዋን አትቍረጧት።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማቆም አይገባም። ትሉ እዚያው ውኃው ውስጥ ሳለ ክንፍ አያወጣም። ጊዜው ሲደርስ ረግረጉን ትቶ ይወጣል፤ ወደ ደረቅ አፈር ሄዶ በዚያ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ መልኩ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም በክንፉ ወደ አበባ ይሄዳል። አስቀድሞ መውጣት፥ ቀጥሎ መለወጥ፥ በመጨረሻም አበባ። እኔ ግን ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ ክንፍ ስጠብቅ ነበር።

ሰ. መመለስ

ከገጠር እንደ ተመለስሁ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ሁሉንም ተናገርሁ። እርሳቸውም በእርጋታ ሰሙኝና፥ «ልጄ፥ የእግዚአብሔርን ምሕረት አትጠራጠር። ነገር ግን ያንተ ዕዳ ሁለት ነው። አንዱ ገንዘብ ነው፤ እርሱን ትመልሳለህ። ሁለተኛው የወንድምህ ስም ነው፤ እርሱን የምትመልሰው በሰማህ ጆሮ ሁሉ ፊት ነው» አሉኝ። የዘኬዎስንም ታሪክ አስታወሱኝ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ዝም ብሎ አላለቀሰም፤ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ።

ጫማውን ሸጥሁት፤ ግማሽ ዋጋውን እንኳ አላወጣም። የቀረውን በአራት ወር ሠርቼ ከፈልሁ። በጉባኤው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈራሁት ስድብ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ዝምታ ነው። ዝምታው ከስድብ ይከብዳል። በመካከላችን ያን ወንድም በዓይናቸው የገፉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ቦታው ሄድሁ። አሸዋ እየነፋ አገኘሁት። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ወንፊቱን አስቀመጠና ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻም፥ «ለገንዘቡ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተ ግን እውነቱን እያወቅህ ከአጠገቤ ተቀምጠህ ስትዘምር ነበር፤ እርሱ ጊዜ ይፈልጋል» አለኝ። እኔም፥ «ልክ ነህ፥ ወንድሜ» ከማለት በቀር ቃል አላገኘሁም።

ዛሬ ያ ወንድማችን ለቅዳሴ ይመጣል። ከኋላ ከምሰሶው አጠገብ ይቆማል። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ግን ገና አልተመለሰም። በእኔ በኩል እንዲመለስ በየሰንበቱ ሰላም እለዋለሁ፤ አላስጨንቀውም። በእናንተ በኩል ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰላም በሉት። ስሙን ጥሩት። ሲመለስ ቦርሳ የሚያነሣ እጅ አይጠብቀው።

ሸ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ጽሑፍ አንብበን «ማን ነው ዝንቡ?» ብለን እርስ በርሳችን መተያየት ከጀመርን ጽሑፉ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ልጆች ቁመትና መልክ ሊሳሳት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን ሲያይ እርሱ ልብን እንደሚያይ አስተማረው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13ም የቤቱ ጌታ አገልጋዮቹ እንክርዳዱን ሲነቅሉ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ከለከላቸው። እኛ ነቅለን ነበር፤ የነቀልነውም ስንዴውን ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከራስ ይጀምር። ማታ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን እነዚህን ጥያቄዎች ለራሳችን እናቅርብ። ነጠላዬን ሳወልቅ የሚቀረው ማን ነው? ሰዎች የሚያከብሩኝ በእኔ ፍሬ ነው ወይስ ሌሎች በከፈሉት ዋጋ? በእጄ የተሰጠኝ የጋራ ነገር ሙሉ ነውን? ከእኔ የተነሣ ስሙ የጠፋ፥ ቦታው ባዶ የሆነ ሰው አለን? ካለስ፥ በሰማው ጆሮ ሁሉ ፊት ስሙን ለመመለስ ተዘጋጅቻለሁን?

አባቶቻችን «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላሉ። ብዙ ሆነን መሰብሰባችን፥ አንድ ዓይነት ልብስ መልበሳችን፥ ድምፃችን አጥቢያውን መሙላቱ ብቻውን የምሕረትን ደጅ አይከፍትልንም። ጥቂት ብንሆንም እያንዳንዳችን የድርሻችንን ጠብታ ወደ ቀፎው ብናመጣ ግን ማሩ ይሞላል፤ ሰሙም ጧፍ ሆኖ በመቅደሱ ይበራል።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ወደ አያቴ ልመለስ አስቤአለሁ። ንብ መሳዩን ዝንብ ባገኘው አልሸሸውም፤ በመዳፌም አልይዘውም። አበባው ላይ ሥራውን ይሥራ። እኔም የእኔን እሠራለሁ።

ልዑል እግዚአብሔር መልካችንን ብቻ ሳይሆን ልባችንን የእርሱ ያድርግልን። የገፋናቸውን ለመመለስ ትሕትናውን፥ የበደሉንን ይቅር ለማለት ጸጋውን ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር።